«ሐይቁ እንዴት ዋለ?»፦ ስለ ዓሣዋ ተረት ለወጣው ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ ተረት አለ። ቢበዛ ሦስት ገጽ ነው። የጸሐፊ ስም የለበትም፣ ርዕስም የለውም። ሰው «የዓሣዋ ተረት» ይለዋል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በዚሁ ተረት ላይ ረዘም ያለ ትችት ወጣ። ያነበብኩት ሽምብጥ አንድ ቡና ቤት ተቀምጬ ነው። ቡናዬ ቀዘቀዘ። ተናድጄ አይደለም። የትችቱ ጸሐፊ ብዙ ያነበቡ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ግን ተረቱን ከማንበባቸው በፊት ፍርዱን ጨርሰው የመጡ መሰለኝ። እስቲ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

መጀመሪያ ተረቱን ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ።

አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ከሚስቱ ጋር ጣና ዳር ይኖራል። ያላቸው አንዲት ታንኳና አንድ ስንጥቅ ገበቴ ነው። አንድ ጠዋት መረቡን ይጥላል፣ ጭቃ ይወጣል። ደግሞ ይጥላል፣ እምቦጭ ይወጣል። ሦስተኛ ሲጥል አንዲት ነጭ ዓሣ ትያዛለች። ዓሣዋ በሰው አፍ ትናገራለች። «ሆዴ እንቁላል ነው። ወደ ጉማራ መውጣቴ ነው። ልቀቀኝና የፈለግኸውን ጠይቀኝ» ትለዋለች። ምንም ሳይጠይቅ ይለቃታል። ቤት ሲገባ ሚስቱ ትቆጣለች። «ገበቴ እንኳ አትጠይቃትም ነበር?» ይመለሳል፣ ገበቴ ይገኛል። ቀጥሎ ቆርቆሮ ቤት። ቀጥሎ ባለሞተር ጀልባ ከነመረቡ። ቀጥሎ ሐይቅ ዳር ሆቴል። በመጨረሻ ዓሣዋ ራሷ በየጠዋቱ ወደ ሆቴሉ ወጥ ቤት እንድትመጣ።

ሽማግሌው በሄደ ቁጥር ሐይቁ መልኩን ይለውጣል። መጀመሪያ ጥርት ያለ ነበር። ከዚያ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ለበሰ። ከዚያ ሐምራዊ አበባ ወጣበት። ከዚያ ውኃው ወደኋላ ሸሸ። በመጨረሻው ቀን ሽማግሌው በደረቀ እምቦጭ ላይ በእግሩ እየሄደ ይጣራል። የሚመልስለት የለም። ቤት ሲደርስ ሚስቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ ያው ስንጥቅ ገበቴ አለ። ውስጡ እፍኝ የማትሞላ ውኃ አለች። በስንጥቁ በኩል ጠብ፣ ጠብ ትላለች። አለቀ።

አሁን ወደ ትችቱ።

ጸሐፊው የሚጀምሩት ከምንጩ ነው። ተረቱ የፈረንጅ ተረት የሀገር ልብስ አልብሰውት የመጣ ነው፣ ተራኪውም ወርቃማዋን ዓሣ ሰርቆ ነጭ ቀባት ይላሉ። ከፈረንጅ መምጣቱ እውነት ነው። ግን ከየትኛው ፈረንጅ? ጀርመናውያኑ ተረት ሰብሳቢዎች፣ ወንድማማቾቹ ግሪም፣ ይህን ተረት እ.ኤ.አ. በ1812 አሳተሙት። እነሱም አልፈጠሩትም። ፊሊፕ ኦቶ ሩንገ የሚባል ሠዓሊ በሰሜን ጀርመን የገጠር ቋንቋ የጻፈውን ነው የወሰዱት። እዚያ ዓሣዋ ወርቃማ አይደለችም። እንዲያውም ዓሣዋ ወንድ ነው። ድግምት የተደረገበት ልዑል ነኝ የሚል ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ ነው። ሴትየዋ ንጉሥ፣ ንጉሠ ነገሥት፣ የሮም ፓፓ ከሆነች በኋላ ፀሐይና ጨረቃን ማዘዝ ያምራታል። ሩሲያዊው ገጣሚ ፑሽኪን እ.ኤ.አ. በ1833 ያንኑ ወስዶ ወርቃማ ዓሣ አደረገው። የፓፓውን ነገር በረቂቁ ጽፎት ነበር፣ በኋላ አወጣው። ስንጥቁን የልብስ ማጠቢያ ገንዳም ያመጣው እሱ ነው። ሦስቱ መረብም የእሱ ነው፦ አንዱ ጭቃ፣ አንዱ የባሕር ሣር፣ አንዱ ዓሣ።

እንግዲህ ፑሽኪን ሌባ ካልተባለ የእኛው ለምን ይባላል? (የፑሽኪንን የእናቱን አያት አብራም ሃኒባልን ስንታችን ነን «የእኛ ልጅ ነው» የምንል! ያንን ክርክር ዛሬ አልነካውም።)

ደግሞ ባሕር ዳር ይህን ተረት የሰማችው ዛሬ አይደለም። ፖሊ ቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት እገዛ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። አባቴ ፖሊ ተምሯል። እኔ ተረቱን የሰማሁት ከእሱ ነው፣ እሱ ደግሞ ከሩሲያዊ መምህሩ። ልጅ ሆነን ማታ ማታ ሲተርክልን «ወርቃማዋ ዓሣ» ሲል አልሰማሁትም። ቆሮሶ ነበር የሚላት፣ የምንበላው ቆሮሶ ስለነበር። አንድ ቀን እናቴ አምባዛ ገዝታ ስትመጣ ዓሣዋ አምባዛ ሆና አደረች። ስለዚህ ተረቱን ወደ ጣና ማምጣት ድፍረት ከሆነ አባቴ ቀድሞ ደፍሮታል።

ሁለተኛው ነጥብ የትችቱ ዋና ነው። ብዙ የምቆየውም እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ተረቱ ስለ ሴት ስግብግብነት ነው ይላሉ። ሽማግሌው የዋህ ነው፣ ሴትየዋ አጥፊ ናት፣ ሐይቁን ያደረቀችው እሷ ናት። «ሴት የላከው ጅብ አይፈራም» የሚለውንም ጠቅሰዋል።

መጀመሪያ የጠየቀችውን እንቁጠር። የግሪሞቹ ሴትዮ ፓፓ መሆን አማራት። የፑሽኪኗ የባሕር ገዢ ልሁን አለች። የእኛዋ ገበቴ ጠየቀች። ከዚያ ቆርቆሮ። ገበቴዋ ተሰንጥቆ ሊጥ የሚያፈስባት ሴት ሌላ ገበቴ ብትፈልግ ስግብግብ ከተባለች፣ እናቶቻችን ሁሉ እዚያ መዝገብ ላይ አሉ። የሆቴሉና የወጥ ቤቱ ነገር ላይ ከጸሐፊው ጋር አልከራከርም። እዚያ ላይ ሴትየዋ ወሰኗን አልፋለች። እንዲያውም የሆቴሉ ክፍል ተረቱ የሚንዛዛበት ቦታ ነው፣ ቢያጥር ይሻል ነበር። ግን ሐይቁ መታመም የጀመረው ከሆቴሉ በፊት ነው። ያን ጊዜ የተጠየቀው ጣሪያ ነበር።

ትችቱ አንድም ቃል ያላለበት ነገር ደግሞ አለ። ሽማግሌው ከሐይቁ በተመለሰ ቁጥር ሚስቱ አንድ ጥያቄ ትጠይቀዋለች። «ሐይቁ እንዴት ዋለ?» ትለዋለች። ሦስት ጊዜ ነው የምትጠይቀው። መጀመሪያ «ደህና ነው» ይላታል፣ እውነትም ደህና ነበር። ሁለተኛው ቀን ዳሩ አረንጓዴ ለብሷል። «ደህና ነው» ይላታል። ሦስተኛው ቀን ታንኳው እምቦጩን ሰንጥቆ ማለፍ አቅቶት ሽማግሌው ወገቡ ድረስ ገብቶ ገፍቶታል። ልብሱ እርጥብ ነው። «ደህና ነው፣ አበባ ይዟል» ይላታል። ከዚያ በኋላ መጠየቋን ታቆማለች።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሳነበው እኔም በዚህ ላይ ዘልዬ አልፌያለሁ። ያስቆመችኝ አክስቴ ናት። ሊጥ እያቦካች ነበር፣ እኔ በስልኬ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። «አበባ ይዟል» የሚለው ላይ ስደርስ እጇን ከሊጡ አወጣች።

«ለምንድን ነው የማይነግራት?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሐይቁ መታመሙን ነዋ! እሷማ በምን ታየው? ቤት ነው ያለችው።»

ልክ ናት። ሴትየዋ የምታየው ቤት የሚገባውን ብቻ ነው፦ ገበቴው ሲመጣ፣ ቆርቆሮው ሲመጣ። ከሐይቁ የሚሄደውን የሚያየው ሽማግሌው ብቻ ነው። በተረቱ ውስጥ በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ሌላ ሰው የለም። ከዓሣዋ ጋር የሚነጋገረው እሱ። ውኃውን የሚነካው እሱ። እሱ ደግሞ ከቤት ወደ ሐይቅ ቃል ያደርሳል እንጂ ከሐይቅ ወደ ቤት ምንም አያመጣም። ለምን? ተረቱ አይነግረንም። ጭቅጭቅ ሰልችቶት ይሆናል። ሊያስደነግጣት አልፈለገም ይሆናል። ወይም ጀልባውን እሱም ፈልጎታል። እኔ የመጨረሻውን እጠረጥራለሁ። ሌላውን ሁሉ ሲጠይቅ አንገቱን ደፍቶ የሚያጉተመትም ሰው፣ ሞተሩን ሲጠይቅ ስንት ፈረስ ጉልበት እንዲሆን ሳይቀር ይናገራል። የሚስቱ ትእዛዝ ግን «ጀልባ» የምትል አንዲት ቃል ነበረች። መልሳችሁ አንብቡት።

«ሴት የላከው ጅብ አይፈራም» ላሉት ደግሞ፦ አይፈራም ማለት ጅቡን አላየም ማለት አይደለም። አይቷል። እያየ ነው የሄደው። ዞሮ ሲመጣ ጅብ አለ ብሎ መናገር ማንን ገደለ?

ሦስተኛው ነጥብ ዓሣዋን ይመለከታል። ጸሐፊው ዓሣዋ እርዳታ ሰጪ ናት ይላሉ። ትሰጣለች፣ ትሰጣለች፣ በመጨረሻ ይሰለቻትና ትተዋለች። ያማረ ፍቺ ነው። በስብሰባ ላይ ቢነገር ይጨበጨብለታል። ችግሩ፣ እንቁላሉን የት እናድርገው? እርዳታ ሰጪ እንቁላል አይሸከምም። ጸሐፊው እንቁላሉን «ማስዋቢያ» ብለውት አልፈዋል።

ማስዋቢያ አይደለም። ነጭ ዓሣ የምንላቸው የጣና ትልልቅ ዓሦች ወደ 15 የሚጠጉ ዝርያዎች ናቸው፣ በሌላ ሐይቅ አይገኙም። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ እንቁላል የሚጥሉት ሐይቁ ውስጥ አይደለም። ክረምት ሲገባ ወንዝ ይወጣሉ። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይ። ጠጠር ያለበት ንጹሕ ውኃ ፈልገው። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረብ የያዘ ሰው የሚጠብቃቸውም እዚያው ነው። ዓሣዋ «ወደ ጉማራ መውጣቴ ነው» ስትል ለማሳዘን ያወራችው አይደለም። መንገዷን፣ ወቅቷንና አደጋዋን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግራዋለች። እሱም ገብቶታል፣ ለዚህ ነው ምንም ሳይጠይቅ የለቀቃት። የመጀመሪያው ቀን ሽማግሌ ከሁላችንም የተሻለ ሰው ነበር።

አሁን ሦስተኛውን ጥያቄ ተመልከቱ፦ ባለሞተር ጀልባ ከነመረቡ። በጣና ታሪክ ይህ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በልማት ፕሮግራም ወደ ሐይቁ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ በፊት ማጥመዱ በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ነበር። ታንኳ ሠርተው ልጅ ያሳደጉ የነገደ ወይጦ ወገኖች ዛሬም አሉ። ፕሮግራሙ መጥፎ ነበር ማለቴ አይደለም። የብዙ ቤት እንጀራ ከዚያ ወጥቷል። እኔም በዓሣ ጥብስ ነው ያደግሁት። ግን በተረቱ ውስጥ ያንን መረብ የምትሰጠው ዓሣዋ ራሷ ናት! የምትያዝበትን መረብ በገዛ እጇ ታስረክባለች። ዓሣዋ እርዳታ ሰጪ ናት ብለን ካነበብነው ይህ ቦታ ምንም አይሰማንም። እንቁላል የተሸከመች ዓሣ ናት ብለን ካነበብነው ግን ያንቀናል።

የመጨረሻውን ቀን ዝምታ በተመለከተም ጸሐፊው «ተቆጥታ ሄደች» ይላሉ። ያ የፑሽኪን ነው። የፑሽኪን ዓሣ ምንም ሳትል በጅራቷ ውኃውን መታ አድርጋ ወደ ጥልቁ ትገባለች። መጥታ ነው የሄደችው። የእኛዋ አልመጣችም። ጅራትም የለም፣ ጥልቅም የለም። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን በጣም ጠለቀ ቢባል ወደ 14 ሜትር ነው። የግሪሞቹ ባሕር ሲቆጣ ማዕበል ያስነሳል፣ መርከብ ያንገላታል። እንዲህ ያለ ሰፊና ስስ ውኃ ግን ሲከፋው ዝም ብሎ ይርቃል። ተራኪው ማዕበሉን አውጥቶ ሽሽቱን ያስገባው ሐይቁን ስለሚያውቀው ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነጥብ ልስጥ፣ ይገባቸዋል። ተራኪው ዓሣ ማጥመድ አያውቅም ብለዋል፣ በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ መረብ ይጥላል ብለው። የሰፈራችንን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። «መረብ ማታ ይዘረጋል፣ ጠዋት ይነሣል። ሦስት ጊዜ የሚጥል ሰው ዓሣ ሳይሆን የጠፋ ቀለበት ፈላጊ ነው» አሉኝ። ሦስቱ መረብ ከሩሲያ እንዳለ የመጣ ነው። ተራኪው ገበቴውን ሲያስተካክል መረቡን ረስቶታል። የዓሣዋ አነጋገርም አልተዋጠልኝም። አንዳንድ ቦታ ላይ እንደ ዜና አንባቢ ነው የምታወራው።

አራተኛው ነጥብ ሐምራዊው አበባ ነው። ጸሐፊው ሐምራዊ የነገሥታት ቀለም ስለሆነ የሴትየዋን የሥልጣን ጥም ያሳያል ይላሉ። ውይ። በጣና ዳር ሐምራዊ አበባ እምቦጭ ነው። በቃ። እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ መገጭ ወንዝ በሚገባበት፣ ደምቢያ አካባቢ። አበባው ደግሞ ያምራል፣ ክፋቱ እሱ ነው። ከጀርባቸው አድርገው ፎቶ የሚነሡ ሙሽሮች አይቻለሁ። «አበባ ይዟል» የሚለው የሽማግሌው መልስ የሚያስፈራው ለዚህ ነው። አልዋሸም እኮ! አበባ ይዟል።

ጸሐፊው ወደ ግሪሞቹ ቢመለሱ ለሐምራዊው የተሻለ ማስረጃ ያገኙ ነበር። እዚያም ባሕሩ በየጊዜው ቀለም ይለውጣል። አንድ ጊዜ አረንጓዴና ቢጫ ይሆናል። አንድ ጊዜ ሐምራዊና ጥቁር ሰማያዊ። ሐምራዊ የሚሆነው ግን ሴትየዋ ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤት ልትጠይቅ ስትል ነው። ንግሥናውን በጠየቀችበት ቀን ባሕሩ የከሰል መልክ ይዟል። ስለዚህ እዚያም አያስኬድም። የሚያስኬደው ሌላው ነው፦ ውኃው ከ1812 ጀምሮ መልስ እየሰጠ ነው። እኛ ዓሣዋን ብቻ ነው የምናዳምጠው።

አምስተኛውና የመጨረሻው፣ ተረቱ ትምህርት የለውም የሚለው ነው። እዚህ ላይ አልቆይም። ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያደግነው። መምህሩ ተረቱን ይጨርስና «ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» ይላል። ተረቱ ስለ ጅብም ይሁን ስለ ጦጣ፣ «ስግብግብነት መጥፎ ነው» ብለን እንጽፋለን። ከአሥር አምስት ይገኝበታል። ጸሐፊው ያንኑ መልስ ፈልገው አጡት። ይህ የተረቱ ጥፋት አይመስለኝም።

ገበቴው ውስጥ ያለችውን ውኃም «የጸጸት እንባ» ብለዋታል። ሴትየዋ ግን በዚያ ገጽ ላይ አላለቀሰችም። ቃሉ የለም። ያቺ ውኃ ሐይቁ ናት፣ የቀረችው ያቺ ናት፣ እሷም እየፈሰሰች ነው። እኔ እንደዚያ አነበብኳት። በዚህ ንባብ ኮርቼ ለአክስቴ አስረዳኋት። ሊጡን ሸፍና፣ እጇን ታጥባ፣ ቡና ልታፈላ ተነሥታ ነበር። ሰማችኝ። ትንሽ አሰበች።

«ስንጥቅ ገበቴ እኮ በሰም ይደፈናል» አለች። «ያንተ ተራኪ አያውቅም እንዴ? እኛ ቤት ስንት ዓመት በሰም ደፍነን ነው ያቦካንበት። ለዚህ ብሎ ዓሣ ይለመናል?»

ምን እንደምመልስላት አጣሁ። ጀበናውን አነሣችና ወደ ጓዳ ገባች።